አልጋ አንጣፊዋ ታውቃለች

የተሰጠኝን ክፍል በካርድ ከፍቼ ስገባ አልጋው ላይ ስድስት ትራስ ተደርድሮ አገኘሁ። ደግሜ ቆጠርኩ፤ ስድስት ነው። እኔ ያለኝ ጭንቅላት አንድ ነው። ከራስጌው ባለችው ጠረጴዛ ላይ ደግሞ አንድ ወረቀት ተቀምጧል። በትራሶቹ ያልተደሰተ እንግዳ ደውሎ ሌላ ዓይነት ማዘዝ ይችላል ይላል። የላባ አለ፣ የጥጥ አለ፣ አንገቱን ለሚያመው አለ። ደሴ ስናድግ እኔና ታላቅ ወንድሜ የነበረን ትራስ አንድ ነው። ሌሊቱን ስንጓተትበት እናድርና ጠዋት መሬት ወድቆ እናገኘዋለን።

«እዚያ ምን ወሰደህ?» የሚል አይጠፋም። ነገሩ እንዲህ ነው። በ2016 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ፓሪስ ለሚደረግ የሦስት ቀን ስብሰባ ተጋበዝኩ። የስብሰባው ርዕስ ስደት ነው። ጋባዦቹ ደጎች ናቸው፤ ቲኬቱንም፣ አልጋውንም፣ ምግቡንም ችለዋል። የሆቴሉን ስም አልጠራም፤ ምክንያቱን እያደር ትደርሱበታላችሁ። ፈረንሳዮች ኮከብ ብቻ አይበቃቸውም። አምስት ኮከብ ካላቸው ሆቴሎች መሀል የላቁትን እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ «ፓላስ» በሚል ማዕረግ ይለዩአቸዋል፤ ቤተ መንግሥት እንደማለት ነው። እኔ ያረፍኩበት እዚያ ማዕረግ ላይ አልደረሰም። ለእኔ ቢጤው ግን በቂና ከበቂ በላይ ነበር። ሽንት ቤቱ ግድግዳ ላይ ስልክ ተሰቅሏል፤ እዚያ ተቀምጬ ማን እንዲደውልልኝ እንደታሰበ እስካሁን አልገባኝም። ከመታጠቢያው ገንዳ በላይ ደግሞ ሌላ ማስታወቂያ አለ። ፎጣህን መሬት ከጣልከው ይታጠብልሃል፤ ካንጠለጠልከው ግን ውሃ ይቆጠባል፣ ምድርም ትድናለች። እኔም ያን ማታ ሁለት ፎጣ አንጠልጥዬ፣ ምድርን አድኜ ተኛሁ።

በማግስቱ የመጀመሪያው ቀን ስብሰባ ሲያልቅ ከእራቱ ሾለክ ብዬ ወጣሁ። የምሄድበት ነበረኝ። ስድስት ኪሎ ተማሪ ከነበርኩበት ጊዜ ጀምሮ፣ አንድ ቀን ፓሪስ ከሄድኩ መጀመሪያ የማየው ኤፍል ማማን ሳይሆን ያንን ቤት ነው ብዬ የተሳልኩበት ቴአትር ቤት አለ።

ከኖትርዳም ካቴድራል ወንዙን ተሻግሮ፣ ሰን ሚሼል አጠገብ፣ ሁሼት የምትባል ጠባብ መንገድ አለች። ግራና ቀኟን የኬባብና የግሪክ ምግብ ቤቶች ናቸው፤ አስተናጋጆቹ በር ላይ ቆመው ሰውን በእጁ ሊጎትቱት ምንም አይቀራቸው። በዚህ ሁሉ የሥጋ ሽታ መሀል ከዘጠና ሰው የማይበልጥ የሚይዝ ቴአትር ቤት ተሰንቅሯል። በዚህ ቤት እ.ኤ.አ. ከየካቲት 1957 ጀምሮ እነዚያው ሁለት አጫጭር ተውኔቶች ይታያሉ። አንዱ የኡዤን ዮኔስኮ «ራሰ በራዋ ዘፋኝ»፣ ሌላው የዚያው ሰው «ትምህርቱ»። ተዋንያኑ ይፈራረቃሉ፣ ያረጁት ይሄዳሉ፣ የሞቱት ይቀበራሉ፤ ተውኔቶቹ ግን ንቅንቅ አላሉም። ከ19 ሺህ ጊዜ በላይ ታይተዋል። እኛ አገር አንድ ቴአትር ሦስት ዓመት መድረክ ላይ ከቆየ «አሁንም አልወረደም እንዴ?» እንላለን።

ፈረንሳይኛዬ ከ«ቦንዡር» ብዙም አያልፍም። ተውኔቶቹን በእንግሊዝኛ አንብቤያቸው ስለነበር ተማምኜ ገባሁ። አጠገቤ የተቀመጠችው ፈረንሳዊት አሮጊት ሳቅ ስትል እስቃለሁ፤ ዝም ስትል ዝም እላለሁ። ደግነቱ ያልገባኝ ነገር ሲኖር ቋንቋውን ባለማወቄ ይሁን ወይስ ተውኔቱ ራሱ እንዳይገባ ተብሎ የተጻፈ ስለሆነ የሚጠይቀኝ የለም። ለመሀይም እንዲህ ያለ የሚመች ቴአትር አይቼ አላውቅም።

የ«ራሰ በራዋ ዘፋኝ» አጻጻፍ ራሱን የቻለ ወግ ነው። ዮኔስኮ እንግሊዝኛ ለመማር አንድ የመማሪያ መጽሐፍ ይገዛል። ዓረፍተ ነገሮቹን እየገለበጠ ሲያጠና የሚያስደንቅ እውቀት ያገኛል፤ ሳምንት ሰባት ቀን እንዳለው፣ ወለል ከታች ጣሪያ ከላይ እንደሆነ። ባልና ሚስቱ ሁለቱም የሚያውቁትን ነገር እርስ በርስ ይነጋገራሉ። እንግሊዝኛውን መማሩን ተወና ተውኔት ጻፈበት። በትምህርት ቤት ሰባ ሆነን «ዲስ ኢዝ ኤ ፔን» እያልን በአንድ ድምፅ ስንጮህ ለኖርን ሰዎች ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። አስተማሪው እስክሪብቶውን ከፍ አድርጎ ይዞታል፤ እስክሪብቶ መሆኑን ያልተጠራጠረ ሁሉ ይጮሃል።

ርዕሱም ቢሆን በስህተት የተገኘ ነው። ልምምድ ላይ አንድ ተዋናይ «ፀጉረ ወርቃማዋ አስተማሪ» ማለት ሲገባው ምላሱ ተሰናክሎ «ራሰ በራዋ ዘፋኝ» አለ። ዮኔስኮ ወደደውና ርዕስ አደረገው። ተውኔቱ ውስጥ ራሰ በራ የለችም፣ ዘፋኝም የለችም። አንድ ጊዜ ብቻ ስሟ ይነሳል። «ደህና ናት ወይ?» ለማለት ያህል ሲጠየቅ፣ ፀጉሯን እንደ ወትሮዋ እንደምትሠራ ይነገራል፤ በቃ።

ከሁሉም ልቤ ላይ የቀረው ግን የማርቲን ባልና ሚስት ነገር ነው። ሁለቱ በእንግድነት የመጡበት ቤት ሳሎን ውስጥ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። ሰውየው «የት ነው የማውቅዎት?» ይላል። ሴትየዋም ግራ ይገባታል። እሱ ከማንችስተር ነው የመጣው፤ እሷም። በአንድ ባቡር፣ በአንድ ፉርጎ። የሚኖሩት በአንድ መንገድ፣ በአንድ ቁጥር፣ በአንድ ፎቅ፣ በአንድ ክፍል ነው። የሚተኙትም በአንድ አልጋ። አንዲት ትንሽ ልጅ አለቻቸው፤ አንድ ዓይኗ ነጭ፣ አንድ ዓይኗ ቀይ። «እንዴት ያለ መገጣጠም ነው!» እያሉ፣ እየተገረሙ፣ መጨረሻ ላይ ባልና ሚስት መሆናቸውን ይደርሱበታል። ይተቃቀፉና እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። ያኔ የቤት ሠራተኛዋ በእግር ጣቷ እየረገጠች ትገባና ለተመልካቹ ምስጢር ትነግራለች። ተሳስተዋል። የእሱ ልጅ ነጩ ዓይኗ በቀኝ ነው፤ የእሷ ልጅ ነጩ ዓይኗ በግራ። ስለዚህ ባልና ሚስት አይደሉም።

«ትምህርቱ» ላይም እንደዚያው ነው። አንድ ፕሮፌሰር አንዲት ተማሪ ቤቱ ይቀበላል። ልጅቷ መደመር ትችላለች፣ መቀነስ አይገባትም። ከሒሳቡ ወደ ቋንቋ ሲገባ ሠራተኛዋ «ተው፣ ይሄ ነገር መጨረሻው አያምርም» ትለዋለች። አይሰማትም። በመጨረሻም ልጅቷን በቢላዋ ይገድላታል፤ ለዚያ ቀን አርባኛዋ ናት። ሬሳውን የምታነሳው፣ ቤቱን የምታስተካክለው ያችው ሠራተኛ ናት። ወዲያው ደወል ይጮሃል። በሩን ለቀጣይዋ ተማሪ የምትከፍተውም እሷው።

ወደ ሆቴሌ ስመለስ የማስበው ይህንን ነበር። በሁለቱም ተውኔቶች ጌቶቹ ያወራሉ፣ ይከራከራሉ፣ ይገረማሉ። እውነቱን የምታውቀው ግን አንሶላ የምትለውጠው ሴት ናት።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት የማስታወሻ ደብተሬን ረስቼ ወደ ክፍሌ ተመለስኩ። በሩ ክፍት ነው፤ አጠገቡ ፎጣና ሳሙና የተጫነ ጋሪ ቆሟል። አንዲት ሴት አልጋዬን ታነጥፋለች። ጠዋት እኔው አንጥፌው ነበር የወጣሁት፤ አልጋውን ሳያነጥፍ የወጣ ልጅ ቤታችን ቁርስ አያገኝም ነበርና የልማድ ነገር ሆኖብኝ ነው። እሷ ግን አፍርሳ እንደገና ትሠራዋለች። በፈረንሳይኛ ይቅርታ ጠየቀችኝ። አየኋት፤ አየችኝ።

«ሐበሻ ነዎት እንዴ?» አለች።

«ነኝ፤ አንቺስ?»

«ነኝ። ከየት ነዎት?»

«ከአዲስ አበባ። ትውልዴ ግን ደሴ ነው።»

«ወይኔ! እኔም ደሴ ነኝ። ደሴ የት?»

«ቧንቧ ውሃ።»

«በማርያም! እኔም ቧንቧ ውሃ።»

«ትምህርትሽስ?»

«ወይዘሮ ስኂን።»

«እኔም ወይዘሮ ስኂን።»

እዚህ ላይ ሳቄ አመለጠኝ። የዮኔስኮ ማርቲኖች እኛው ነን! እሱ ባያውቀውም የሐበሻን ሰላምታ ነው የጻፈው። ሁለት ኢትዮጵያውያን በዓለም ላይ የትም ይገናኙ የት፣ ከአገር ወደ ከተማ፣ ከከተማ ወደ ሰፈር፣ ከሰፈር ወደ ግቢ እየጠበቡ ይሄዳሉ፤ መጨረሻ ላይ ዘመድ ሳይሆኑ አይለያዩም። ልጅቷ ሳቄ ስላልገባት ትንሽ ቅር አላት። የእናቷን ስም ስትነግረኝ ግን ሳቄ ቆመ። አውቃቸዋለሁ። ከቤታችን ከአራት ቤት በታች ነበሩ። ማለዳ ማለዳ ነጠላቸውን ተከናንበው ወደ ፒያሳ ሲወጡ ትዝ ይሉኛል።

«እማዬ ሆቴል ነበር የምትሠራው» አለችኝ። «አልጋ አንጣፊ ነበረች። እኔን ያስተማረችኝ አልጋ አንጥፋ ነው።» የትራስ ልብስ በእጇ እንደያዘች ዝም አለች። «ጋሼ፣ አገር ቤት ሲገቡ ያገኟታል?»

«ለገና ደሴ እሄዳለሁ፤ አገኛቸዋለሁ።»

«አደራ እንግዲህ። እሷ የምታውቀው ማናጀር መሆኔን ነው።»

ምን እላለሁ? ቁጭ ብዬ ሰማኋት። ቁጭ አልኩ ስል እኔ ነኝ የተቀመጥኩት፤ እሷ እየሠራች ነው የምታወራው። ለአንድ ክፍል የተሰጣት ደቂቃ አለ። እዚህ ሆቴል ስድስት ዓመት ሠርታለች፤ የሆቴሉ ሠራተኛ ግን አይደለችም። የቀጠራት ሌላ ድርጅት ነው፤ ድርጅቱ ደግሞ ለሆቴሉ ጽዳቱን በኮንትራት የያዘ ነው። ቅሬታ ስታቀርብ ሆቴሉ «አንቺን አናውቅሽም» ይላል፤ ድርጅቱ «ሆቴሉ ነው የሚያዘው» ይላል። ከቴአትሩ ትናንት ማታ ወጣሁ ብዬ ነበር፤ ገና አልወጣሁም።

በዚያው ከተማ ባቲኞል የሚባል ሰፈር ባለ አንድ ሆቴል እንደ እሷው በኮንትራት የተቀጠሩ ሃያ ያህል ጽዳት ሠራተኞች፣ አብዛኞቹ አፍሪካውያን ሴቶች፣ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2019 ጀምሮ አድማ መተው ነበር። ትግላቸው 22 ወር ፈጅቶ በግንቦት 2021 በድል አለቀ። ከመሪዎቻቸው አንዷ፣ በኮትዲቯር የተወለደችው ራሼል ኬኬ፣ በሰኔ 2022 የፓርላማ አባል ሆና ተመረጠች፤ ያሸነፈችውም የቀድሞ የስፖርት ሚኒስትር ነበረች። ይህንን አንብቤው ስለነበር ላበረታታት ብዬ አነሳሁላት።

«እናውቃታለን እንጂ» አለች። «በሞባይል እያየን አልቅሰናል። በማግስቱ ግን ክፍሉ ያው ክፍል ነው፣ ደቂቃውም ያው ደቂቃ።» ከዚያ አንሶላውን ጠርዙ ላይ አጥፋ ከፍራሹ ሥር በመዳፏ ወተፈችና አንዴ ብቻ ሳብ አደረገችው። እንደ ከበሮ ቆዳ ተወጠረ። «ጋሼ፣ ስብሰባዎ አይረፍድብዎትም?»

ስብሰባው ላይ ቀጣዩ ርዕስ «የስደተኞች ድምፅ» የሚል ነበር። ሰባት ተናጋሪ ነበረው። ሁላችንም የመጣነው በቪዛ፣ የምንመለሰውም በቲኬት ነው። በሻይ ሰዓት ለአንድ ወዳጄ ትናንት ስላየሁት ቴአትር አወራሁለት። ይህ «የከንቱነት ቴአትር» የሚባለው ነገር ፓሪስ ላይ ሲጀመር ጀማሪዎቹ ስደተኞች ነበሩ። ዮኔስኮ የተወለደው ሩማንያ ነው፤ ሳሙኤል ቤኬት አይርላንዳዊ ነው፤ አርቱር አዳሞቭ ሩሲያ የተወለደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 መጽሐፍ ጽፎ ስሙን ያወጣለት ማርቲን ኤስሊን እንኳ ቡዳፔስት ተወልዶ፣ ቪየና አድጎ፣ ናዚዎች ሲመጡ የሸሸ ሰው ነው። «ቃልና ነገር አልገናኝ ያላቸው በሰው ቋንቋ ስለሚኖሩ ይሆን?» አልኩት። ወዳጄ «ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ለምን ከመድረክ አትናገረውም?» አለኝ። አልተናገርኩም። ስለ ስደት መናገር ያለባት ሰው በዚያች ሰዓት አራተኛ ፎቅ ላይ ነበረች።

ልመለስ ስል ለእናቷ አንድ የሱፍ ሻርፕና ትንሽ ገንዘብ ሰጠችኝ። ትራሶቹን ስድስቱንም ሳልጠቀምባቸው ወጣሁ ማለት ውሸት ነው፤ በሁለቱ ተኝቻለሁ።

ለገና በአውሮፕላን ኮምቦልቻ፣ ከዚያ ደሴ ገባሁ። እናቷ ቤት ስደርስ ቡናው ፈልቶ ጠበቀኝ። አርጅተዋል፤ ዓይናቸው ግን ንቁ ነው። ግድግዳው ላይ ከመድኃኔ ዓለም ሥዕል ቀጥሎ የልጃቸው ፎቶ ተሰቅሏል። ደህና ካፖርት ለብሳ መስኮት አጠገብ ቆማለች። በመስኮቱ የፓሪስ ጣሪያዎች ይታያሉ፤ ጥግ ላይ የአልጋ ጠርዝ አለ። ጥያቄው ተጀመረ።

«የሥራ ቦታዋ ሰፊ ነው?»

«በጣም ሰፊ ነው እትዬ።»

«ይሞቃል?»

«ይሞቃል። ብርድ የሚባል የለም።»

«ከሷ ሥር ብዙ ሰው አለ?»

እዚህ ላይ ትንሽ ተንተባተብኩ። የምትሠራው አራተኛ ፎቅ ነው፤ ከሥሯ ብዙ ሰው አለ። «አለ» አልኩ።

«ይወዷታል?»

«ያለ እሷ አንድ ቀን አይውሉም።»

ልብ በሉ፤ አንድም የሐሰት ቃል አልተናገርኩም። ቃሎቼ ሁሉ እውነት ነበሩ፤ ሲደመሩ ግን ውሸት ሆኑ። ያችም ተማሪ መደመር አላቃታትም ነበር።

ሦስተኛውን ቡና ጠጥቼ ልነሳ ስል እትዬ ወደ ጓዳ ገብተው በትንሽ ብልቃጥ ለጋ ቅቤ ይዘው ወጡ።

«ይቺን በምታገኘው ሰው ላክልኝ። ለእጇ ናት። ሳሙናና ውሃ ሲበዛ እጅ ይሰነጣጠቃል።»

ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። እሳቸው ወደ ፎቶው ጠጋ አሉና በጣታቸው ጥጉን ነኩት።

«ይኸውልህ፣ የአንሶላውን ጠርዝ እየው። እንዲህ አጥፎ እንዲህ የሚወጥር ማንም የለም። ይሄንን ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ ስምንት ዓመቷ ነበር፣ ትምህርት በሌለ ቀን አብራኝ ትመጣ ነበር። ፎቶው በመጣ ቀን ነው ያወቅኩት። ሃያ ሦስት ዓመት አልጋ አንጥፌ የራሴን እጅ አላውቅም?» ነጠላቸውን አስተካከሉ። «አደራ ታዲያ። ማወቄን እንዳትነግራት። ማናጀር ነኝ ስትለኝ ድምፅዋ ደስ ይለዋል።»

ይኸውላችሁ፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለት አደራ ተሸክሜ እኖራለሁ፤ የእናትም የልጅም። ሁለቱ በየሳምንቱ እሑድ ይደዋወላሉ። ልጅ ስለ ቢሮዋ ታወራለች፣ እናት ይመርቃሉ። አደራዬን አፈረስክ እንዳትሉኝ ከተማውንም፣ ሰፈሩንም፣ ሌላውንም ቀያይሬዋለሁ። ደሴ ያልኩት ደሴ መሆኑን በምን ታውቃላችሁ?

ቅቤውን በሰው ላክሁላት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደወለች። አመስግና፣ የደሴን ብርድ ጠይቃ፣ የሰፈሩን ሰው ሁሉ በየስሙ አንስታ ስታበቃ ዝም አለች።

«ጋሼ፣ እማዬ ቅቤውን ለምን እንደላከችው ነገረችዎት?»

«ለፀጉርሽ ነው እንጂ ለምን ይሆናል?» አልኳት።

መስመሩ ላይ ትንፋሿ ብቻ ይሰማል።

«እሺ ጋሼ» አለች ቆይታ። «ለፀጉሬ አደርገዋለሁ።»